ባለ መዶሻው ወዴት ያያል

ቁጭ በሉ። መቆም የፈለገ ይቁም፤ ብቻ ፊቱን ወደ እኔ ያዙር። ጀርባውን ሰጥቶ ለሚሰማኝ ሰው አላወራም። ለምን እንደምል ወሬው ሲያልቅ ይገባችኋል።

አንድ አገር ነበረ። ስሙን አልነግራችሁም። ብነግራችሁ ግማሻችሁ «የእኛን ነው የምታወራው» ብላችሁ ትቆጡኛላችሁ፣ ግማሻችሁ «የእነሱን ነው» ብላችሁ ትስቃላችሁ፤ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሁለቱንም አልፈልግም። የዚያ አገር ዋና ከተማ መሃሉ አደባባይ ነው። በምሥራቅ የንጉሡ ግቢ ከነሰገነቱ ቆሟል። በምዕራብ ለምን እንደተሠራ የሚያውቅ ሰው ያልተረፈ ረጅም ግንብ አለ። በሁለቱ መካከል ያለው ሜዳ ላይ አዋጅ ይነገራል፣ ጨው ይታደላል፣ ጋብቻ ይፈጸማል። ሜዳው ላይ ደግሞ ሦስት ትልልቅ የድንጋይ ሰዎች ቆመዋል።

የመጀመሪያው ባለ ጃንጥላው ነው። አገሩን ያቀናው እሱ ነው ይባላል። ሳይሞት የገዛ ሐውልቱን አሠራና ሕዝቡን ሰብስቦ አስማለ፦ «ከዚህ አደባባይ ሐውልት ያፈረሰ፣ ስሙም ዘሩም ይፍረስ!» ሕዝቡ «ይሁን» አለ። ምን ይበል? ዝናብ ላይ ነው የቆመው፤ ጃንጥላ ያለው ደግሞ ንጉሡ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ባለ ፈረሱ ነው። የባለ ጃንጥላውን ልጆች አባርሮ ነገሠ። ጠዋት ጠዋት ሰገነት ላይ ሲወጣ ያ የድንጋይ ሽማግሌ ዓይን ዓይኑን ያየዋል። ቁርሱ አልወርድ አለው። እንዳያፈርሰው መሐላ አለ። አሰበ፣ አሰበና ግንበኞቹን ጠርቶ ሐውልቱን አስነሣ፤ ከሥሩ እንደ ወፍጮ ያለ ክብ ድንጋይ አስገብቶ ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረው። «አላፈረስኩም፤ አዞርኩት» አለ። ሊቃውንቱም መጽሐፋቸውን ገልጠው ማዞር ማፍረስ እንዳልሆነ መሰከሩለት። ከዚያ የራሱን ሐውልት ከነፈረሱ አሠራ። ግንበኞቹ ሌላው አሠራር ጠፍቶባቸው ነው መሰለኝ የእሱንም ክብ ድንጋይ ላይ አቆሙለት።

ሦስተኛው ባለ መዶሻው ነው። ይኼኛው ባለ ፈረሶቹን አባርሮ መጣ። እንደመጣ ባለ ፈረሱን ወደ ግንቡ አዞረው፤ አፍንጫው ግንቡን ሊነካ ምንም አልቀረው። ፈረሱም አብሮ ዞረ። ፈረሱ ምን አጠፋ ብሎ የጠየቀ የለም። ባለ መዶሻው ራሱ ግቢው ደጃፍ ላይ፣ ፊቱን ወደ ሰገነቱ አድርጎ ቆመ። እኔ በማወራላችሁ ዘመን የነገሠው የእሱ የልጅ ልጅ ነው። ጠዋት ሰገነት ላይ ይወጣና አያቱን «እንደምን አደሩ» ይላል፤ ከዚያ ቁርሱን ይበላል።

ነገሩ የድንጋይ ብቻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ እኔም አፌን አላደክምም ነበር። ወደ ሰው መጣ እንጂ።

በዚያ አገር ማንም ሰው ከሦስቱ ድንጋዮች የአንዱ ነው። ቅድመ አያትህ መሬት ያገኘው በማን ዘመን ነው? እንግዲያው የዚያ ድንጋይ ነህ። ልጅ የአባቱን ድንጋይ ይወርሳል። አዋጁ ደግሞ «በአደባባዩ ላይ የቆመ ሁሉ ድንጋዩ ወደሚያይበት ይይ» ይላል። ከአደባባዩ ውጭ ሰው እንደ ሰው ነው፤ ገበያ ላይ ይከራከራል፣ ለቅሶ ላይ ተቃቅፎ ያለቅሳል። ሜዳውን ሲረግጥ ግን ባለ መዶሻዎች ወደ ግቢው፣ ባለ ጃንጥላዎች ወደ ወንዙ፣ ባለ ፈረሶች ወደ ግንቡ ይዞራሉ። ባለ ጃንጥላዎች ንጉሡን በአንድ ዓይናቸው ጥግ ያዩታል። ባለ ፈረሶች ከነጭራሹ አያዩትም። በጨው በዓል ዕለት ጨው አዳዮቹ ከባለ መዶሻዎች ወገን ስለሆኑ ከኋላ መጥተው ጨዉን በእጃቸው ላይ ያስቀምጡላቸዋል። ባለ ፈረሶች እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው መቀበልን ከእናታቸው ጡት ጋር ነው የሚማሩት። ልብሳቸው ላይ ኪስ የሚሰፉት በጀርባ በኩል ነው። ስትስቁ አያለሁ፤ ሳቁ።

ወደ ጋብቻ ስንመጣ ግን ሳቁ ይቀራል። ከባለ ጃንጥላው ዘመን የመጣ ሕግ አለ፦ ሙሽሮቹ አደባባይ ይቆማሉ፣ አንድ ሽማግሌ በሁለቱም ፊት ሆኖ በአንድ ዋንጫ ጠጅ ያጠጣቸዋል፣ ተጋቡ ይባላል። አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ዋንጫ፣ በሁለቱም ፊት። አንዱ ወደ ግንብ፣ አንዱ ወደ ግቢ የሚያዩ ከሆነ ሽማግሌው ማን ፊት ይቁም? ስለዚህ አይጋቡም። ዋንጫውን ያልጠጡ ሰዎች ልጅ ከወለዱ ልጁ ድንጋይ የለውም። ድንጋይ የሌለው አያርስም፣ ጨው አያገኝም፣ ስም አይወጣለትም። ከነእናቱ ወንዙን አሻግረው ይሸኙታል። ከወንዙ ማዶ ምን እንዳለ አትጠይቁኝ፤ ተመልሶ የነገረን የለም።

ይህን ሁሉ የሚያስፈጽመው የፊት አዛዥ የሚባል ባለሥልጣን ነው። በጊዜው አዛዥ ጓንጉል ነበሩ፤ አንገታቸው የማይታጠፍ፣ ዞር ማለት ሲፈልጉ ከነሙሉ ሰውነታቸው የሚዞሩ ሰው። በሥራቸው የአገጭ ሹምና የትከሻ ሹም አሉ። በበዓል ቀን በሕዝቡ መሃል እየተዘዋወሩ ያጋደለ አገጭ ያቃናሉ። አዛዥ ጓንጉል ክፉ ሰው አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑ ነገሩ ይቀል ነበር። ሥራቸውን የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ እሱ ነው የባሰው።

አንድ ልማድ ደግሞ ልንገራችሁና ወደ ሰዎቹ እገባለሁ። ንጉሥ ድንጋይ ላዙር ያለ ቀን ድንጋዩ እንዳይንቋረር ተብሎ በክቡ ድንጋይ ዙሪያ ቅቤ ይፈስሳል። ቅቤው ከየቤቱ ይዋጣል። ድንጋይ የሚዞረው በሰው ዕድሜ አንድ ጊዜ ቢሆን ነው። አዛዥ ጓንጉል ግን ጠንቃቃ ስለሆኑ «ትእዛዝ ድንገት ቢመጣ ተዘጋጅተን እንገኝ» ብለው በየዓመቱ ያስዋጡ፣ ያስፈስሱ ነበር። ከእሳቸው በፊት የነበሩትም እንደዚያው ያደርጉ ነበር። የሕፃናት አናት ደርቆ ይውላል፤ የድንጋዮቹ እግር በቅቤ ይወዛል።

እንግዲህ ትሁኔ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ እንጨት ከጫካ በአህያ እያመጣች የምትሸጥ፣ ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ ረጅም። የባለ ፈረሱ ናት። ስንቅነሽ የምትባል አንድ ልጅ አለቻት። አህያዋ ደግሞ ዳለቻ ትባላለች፤ ጀርባዋ በእንጨት የተላጠ፣ ያገኘችው ግድግዳ ላይ ሁሉ የምትታከክ አህያ። ስንቅነሽ እንጨት ተራ ስትውል አንለይ ከሚባል ልጅ ጋር ተዋደደች። አንለይ ደምለው የሚባል የጨው አዳይ ልጅ ነው፤ የለየለት ባለ መዶሻ። ሁለቱም አዋጁን ያውቃሉ። ማወቅ ምን ያደርጋል? ስንቅነሽ አረገዘች።

ልጅቷ ለእናቷ ስትነግራት እያለቀሰች ነው።

«እማ፣ እኔስ ይሁን። ልጁን ከወንዝ ማዶ ሊሰዱት ነው።»

ትሁኔ እንጨት እየፈለጠች ነበር። መጥረቢያውን አስቀመጠች። «ማን ነው የሚሰደው?»

«አዋጁ ነዋ።»

«አዋጁ እግር አለው? ሰው ነው የሚሰደው። ሰውን ደግሞ እናናግረዋለን። አፍንጫሽን ጥረጊ።»

መጀመሪያ ሄዳ ያነጋገረችው የልጁን አባት ነው። ደምለው ደግ ግን ፈሪ ሰው ነበር።

«እመት ትሁኔ» አላት፣ «ልጅዎን ጠልቼ አይደለም። እኔ ራሴ ስንት ዓመት ለእናንተ ወገን ጨው ሳድል የአንዳችሁን ፊት አይቼ አላውቅም፤ እጃችሁን ነው የማውቀው። እጃችሁ እንደ እኛው እጅ ነው። ግን ድንጋዮቹ ጀርባ ለጀርባ ሆነው ምን አደርጋለሁ?»

«ዋንጫ አለዎት?»

«ዋንጫስ አለኝ። የአባቴ ዋንጫ።»

«ይወልውሉት» አለችና ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ዳለቻን ይዛ አደባባይ መጣች። እንጨቷን አራግፋ አህያዋን የባለ መዶሻው እግር ላይ አሰረችና ወደ አዛዥ ጓንጉል ቢሮ ገባች። አህያ ሐውልት ላይ ማሰር የሚከለክል አዋጅ አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ነገር የሚያደርግ ይመጣል ብሎ ያሰበ ሰው ስላልነበረ። ቢሮ ደጃፍ ላይ እንደ ባለጉዳይ ሁሉ ስትጠብቅ ረፈደ፣ እኩለ ቀን ሆነ፣ ጥላ ዞረ። በመጨረሻ ተጠራች።

«ምን ፈልገሽ ነው?» አሏት አዛዡ።

«ልጄን ልድር ነው ጌታዬ።»

«መልካም። የማን ናችሁ?»

«የባለ ፈረሱ።»

«ልጁስ?»

«የባለ መዶሻው።»

አዛዥ ጓንጉል ከነወንበራቸው ዞሩና አዩዋት። «አንቺ ሴትዮ፣ ልጅሽ ግንብ ታያለች፣ ልጁ ግቢ ያያል። ሽማግሌው የት ሊቆም ነው?»

«መሃል ይቁምና ሁለቱም ትንሽ ዘወር ይበሉ።»

«ትንሽ ዘወር ማለት የሚባል ነገር በዚህ መሥሪያ ቤት የለም። ሰው ወይ ዞሯል፣ ወይ አልዞረም።»

«እሺ፣ ሽማግሌው ሁለት ይሁኑ።»

«አንድ ሽማግሌ ነው የሚለው።»

«እሺ፣ ዋንጫውን በትከሻዋ ላይ ወደ ኋላ ታቀብለው።»

«በጀርባ የሚሰጠው ጨው ብቻ ነው። ዋንጫ በጀርባ አይሰጥም።»

«ታዲያ ምን ይሻለኛል ጌታዬ? ልጅቷ እርጉዝ ናት!»

አዛዡ እውነትም አዘኑ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጠብቂ። ድንጋይ እኮ ይዞራል። ንጉሥ ሲመጣ ንጉሥ ሲሄድ ይዞራል። የእናንተም ተራ ይደርሳል።»

«ማህፀን ይጠብቃል?»

«ስለ ማህፀን የተጻፈ ነገር የለም» አሉና የሚቀጥለውን ባለጉዳይ አስጠሩ።

ትሁኔ እየነደደች ወጣች። ውጭ ስትወጣ አደባባዩ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ቆሞ አፉን ከፍቷል። ዳለቻ ያን ሁሉ ሰዓት የተላጠ ጀርባዋን ባለ መዶሻው ሥር ላይ ስታሻሽ፣ ደግሞ በገመዷ ስትጎትት፣ ደግሞ ስታሻሽ ውላለች። ባለ መዶሻው ሙሉ በሙሉ ዞሯል። ጀርባውን ለግቢው ሰጥቶ፣ ከሜዳው ወዲያ ማዶ የባለ ፈረሱን ጀርባ ያያል። አህያዋ አሁንም እየታከከች ነው።

አዛዥ ጓንጉል እየሮጡ መጡ። የአገጭ ሹሙም የትከሻ ሹሙም ተከተሉ። ማንንም አልያዙም። ጥፋቱ ምን ተብሎ እንደሚጠራ አልታወቀማ! አህያ ድንጋይ አዞረች ቢባል፣ የንጉሥ ድንጋይ በአህያ ይዞራል ማለት ነው። ቅቤው አዞረው ቢባል፣ ቅቤውን ያስፈሰሱት እሳቸው ናቸው። ወዲያው መልሰን እናዙረው ቢባል፣ ያለ ትእዛዝ ዞሮ ነበር ብሎ ማመን ነው። ይህን ሁሉ ሲያስቡ ንጉሡ ከሰገነቱ ብቅ አለ። አያቱን ፈልጎ ጀርባውን አገኘ።

«ጓንጉል! ይኼ ምንድን ነው?»

አዛዡ ወደ መሬት እጅ ነሡ። «ንጉሥ ሆይ፣ ዘበኛ ጌታውን ሲጠብቅ ፊቱን ወዴት ነው የሚያዞረው?»

«ወደ ውጭ ነዋ።»

«አያትዎ ከዛሬ ጀምረው እርስዎን እየጠበቁ ነው።»

ንጉሡ ትንሽ አሰበ። «ማን አዘዘ?»

«ድንጋይ ያለ ንጉሥ ፈቃድ አይዞርም። ከዞረ እርስዎ ፈቅደዋል። በልብዎ ፈቅደው ይሆናል፤ አህያዋ ቀድማ ሰማች እንጂ።»

ንጉሡ በልቡ ያን ያህል ነገር መኖሩን በመስማቱ ደስ አለው። በዚያው ቀን አዋጅ ወጣ፦ ድንጋይ ያለ ንጉሥ ፈቃድ አይዞርም፤ የዞረ ድንጋይ ሁሉ ንጉሥ የፈቀደው ነው። ለዳለቻም የወርቅ ጥልፍ ያለው ካባ ተደረበላት። የንጉሥን ልብ የሰማች አህያ እንጨት ልትሸከም አይገባም ተባለ። ሹመት ይሏችኋል ይኼ ነው!

ከዚያ ቀን ጀምሮ ትሁኔ እንጨቱን በራሷ ጀርባ ተሸክማ ትመጣለች፤ ዳለቻ ካባዋን ለብሳ ከኋላ ትከተላታለች። አህያዋን ቤት ጥላት እንዳትመጣ የሚጠብቅ ዘበኛ አለ። መንገደኛ ለአህያዋ እጅ ይነሣል፤ ለትሁኔ ማንም ዞር አይልላትም። የትሁኔ ጀርባ መላጥ ጀመረ። ማታ ስንቅነሽ ቅባት ስትቀባት እንባዋ እናቷ ትከሻ ላይ ይንጠባጠባል።

«እማ፣ በቃ ተይው። እኔ ራሴ ወንዙን ልሻገር። አንቺ በእኔ ምክንያት አትሙቺ።»

«ዝም በይ! እዚያ ጋ ነው፣ ወደ ቀኝ... አዎ፣ እከኪልኝ። ኧረ ጀርባዬን በላኝ፣ በላኝ! ዳለቻ ወድዳ አልነበረም ለካ።»

ይህን ስትል የልጇን እጅ ያዘች። በየዓመቱ ከልጇ አፍ እየነጠቀች ለአዛዥ ጓንጉል የወሰደችው ቅቤ ነው የታወሳት። ያ ሁሉ ቅቤ የት ሄደ? የትም አልሄደም። እዚያው ድንጋዩ ሥር ነው ያለው።

«ስንቅነሽ፣ ሂጂና ለደምለው ንገሪው» አለች። «ለጨው በዓል ዋንጫውንና ሽማግሌውን ይዞ ይምጣ። አንለይም ነጠላውን ይጠብ።»

የጨው በዓል ደረሰ። ሕዝቡ አደባባዩን ሞላ። ባለ ጃንጥላዎች ወደ ወንዙ ቆሙ። ባለ መዶሻዎች በአዲሱ አዋጅ መሠረት ፊታቸውን ወደ ሜዳው፣ ወደ ባለ ፈረሶች ጀርባ አዙረው ቆሙ። አንለይም ከእነሱ ጋር ቆሞ ማዶ የስንቅነሽን ጀርባ አየ። ከኋላዋ እንኳ እርግዝናዋ ያስታውቃል፤ አቋቋሟ ተለውጧል። እሷ ግንቡን ታያለች። ከኋላዋ እንዳለ ታውቃለች፣ ዞራ ልታየው አትችልም። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ጭካኔ አይቻለሁ፤ እንደዚህ ያለውን፣ ማንም ማንንም ሳይመታ የሚደረገውን ግን አልወደውም።

ንጉሡ ሰገነት ላይ ተቀመጠ። አዛዥ ጓንጉል ሜዳው መሃል ቆመው «ጨው ይታደል» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ትሁኔ የእንጨት ሸክሟን እንደተሸከመች ከባለ ፈረሶች መሃል ወጣች። ሸክሟን አራገፈች። ጀርባዋን ባለ ፈረሱ የቆመበት ድንጋይ ላይ አስደግፋ እንደ ዳለቻ ትታከክ ጀመር።

«አንቺ ሴትዮ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«ጀርባዬን በልቶኝ ነው ጌታዬ።»

«እዚህ?»

«አህያዬን ሾማችኋት፣ እንጨቱን እኔ ተሸከምኩ። ጀርባዬ ተላጠ። የት ልሂድ? ቤቴ ጭቃ ነው፤ ብታከክበት ይፈርሳል።»

ሰው ሳቀ። የአገጭ ሹሙ የሳቀውን አገጭ ሁሉ ለማቃናት ወዲያ ወዲህ ሮጠ። ትሁኔ ጉልበቷን አጥፋ፣ ተረከዟን መሬት ላይ ተክላ ገፋች። ባለ ፈረሱ ነቅነቅ አለ። ድምፅ እንኳ አላሰማም፤ የስንት ዘመን ቅቤ! አፍንጫው ከግንቡ ራቀ።

«ያዟት!» አሉ አዛዡ። ዘበኞቹ ሊሮጡ ሲሉ የትከሻ ሹሙ፣ የዋህ ሰውዬ፣ ጮክ ብሎ ጠየቀ፦ «ጌታዬ፣ ምን አድርጋ ነው ብለን እንያዛት? ድንጋይ አዞረች ብለን ነው?»

አዛዥ ጓንጉል ቆሙ። አዋጁን የጻፉት እሳቸው ናቸው። ድንጋይ ያለ ንጉሥ ፈቃድ አይዞርም። ሴትዮዋ አዞረችው ካሉ አዋጁ ውሸት ነው፤ አዋጁ ውሸት ከሆነ የዚያን ቀኑም አህያ አህያ ብቻ ነበረች፤ እሳቸውም ንጉሡን ዋሽተዋል። ከነሙሉ ሰውነታቸው ወደ ሰገነቱ ዞሩ፣ ደግሞ ወደ ትሁኔ ዞሩ። ዳለቻ ካባዋን ለብሳ አጠገባቸው ቆማ ጆሮዋን ታርገበግባለች።

ድንጋዩ ይዞራል። ባለ ፈረሶችም አዋጅ አክባሪ ናቸው፤ ድንጋያቸው ዘወር ሲል ዘወር ይላሉ። እግራቸውን እየጎተቱ፣ ቀስ እያሉ፣ ሕዝቡ በሙሉ ከነልጆቹ ከነሽማግሌዎቹ ዞረ። ግንቡን ለቅቀው ወንዙን አዩ፣ ወንዙን ለቅቀው ሜዳውን አዩ። ከዚያ ባለ መዶሻዎችን ፊት ለፊት አገኟቸው።

ከባለ ፈረሶች አንዱ ሽማግሌ ወደ ደምለው ትኩር ብሎ አየና «እስቲ እጅህን አሳየኝ» አለው። ደምለው እጁን ዘረጋ። «አንተ ነህ እንዴ!» አለ ሽማግሌው። «አውራ ጣትህ ላይ ይቺ ጠባሳ አለች። ስንት ዓመት መዳፌን ስትነካኝ እኮ ሽማግሌ ትመስለኝ ነበር። ልጅ እግር ነህ ለካ!» ደምለው አለቀሰ። ፈሪ ሰው ሲያለቅስ ብዙ ጊዜ የቆየ ነገር ነው የሚያለቅሰው።

«ጓንጉል!» አለ ንጉሡ ከሰገነቱ። «ይኼንንስ ማን አዘዘ?»

አዛዡ እጅ ነሡ። «እርስዎ ነዎት፣ ንጉሥ ሆይ።»

«መቼ?»

«በልብዎ።»

ንጉሡ ልቡን እንደሚያዳምጥ ሰው እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ምን እንደሰማ አላውቅም። ተነሥቶ ወደ ውስጥ ገባ። አዛዥ ጓንጉልም ወደ ሕዝቡ ዞረው «ንጉሡ ፈቅደዋል!» ብለው አወጁ።

ትሁኔ ላቧን ጠረገች። «እንግዲያው ሽማግሌው የት አሉ?» አለች።

ሽማግሌው በሁለቱ መካከል ቆመ። አንለይ ወደ ስንቅነሽ ያያል፣ ስንቅነሽ ወደ አንለይ ታያለች፣ ዋንጫው በሁለቱም ፊት ነው። ጠጡ። የአገጭ ሹሙ ቀርቦ አገጫቸውን መረመረ፤ የሚያቃናው ነገር አጣ። እልልታው ሲነሣ ዳለቻ ደንግጣ ካባዋን ጥላ ሮጠች። ካባውን ያነሣላት ሰው አልተገኘም።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ንጉሡ ልቡ ውስጥ ሌላ ምን ይኖር ይሆን ብሎ ፈራ። መልሶ ላዙር ቢል፣ ሁለት ጊዜ ፈቅዶ ሁለት ጊዜ ተጸጸተ ሊባል ነው። ስለዚህ ቅቤ ማፍሰስ እንዲቀር፣ በየክቡ ድንጋይ ሥርም ኖራና ጠጠር ተቦክቶ እንዲሞላ አዘዘ። ድንጋዮቹ እንደቆሙ ቀሩ፤ ባለ መዶሻውና ባለ ፈረሱ እንደተያዩ፣ ሁለቱም ለግቢውም ለግንቡም ደንታ ሳይኖራቸው። ባለ ጃንጥላዎች ዘግይተው ነቁ። ተሰብስበው ትሁኔ ቤት ሄዱና ዳለቻን ለአንድ ቀን አውሺን አሏት። ሰጠቻቸው። ኖራው ግን ደርቆ ነበር። እነሱ እስከ ዛሬ ወደ ወንዙ ያያሉ። ይኼ አያስደስተኝም፣ ግን የሆነው እንደዚህ ነው።

ስንቅነሽ ወለደች። ሕፃኑ ስም የሚወጣለት ቀን እንደ ደንቡ ወደ አደባባዩ አመጡት። ትሁኔ ታቅፋዋለች፤ ልጁ አንገቱ ገና አልጠናም፣ ይዞራል። አዛዥ ጓንጉል ለእያንዳንዱ ሕፃን የሚጠየቀውን ጥያቄ ጠየቁ።

«የማን ነው?»

«እንደ አባቱ የባለ መዶሻው» አለች ትሁኔ።

«ድንጋዩ ወዴት ያያል?»

ትሁኔ ባለ መዶሻውን አየችው። ከዚያ ባለ መዶሻው የሚያየውን ባለ ፈረሱን አየች፤ ስንቅነሽ እዚያው ሥር ቆማ ልጇን እስኪሰጧት ትጠብቃለች። ሕፃኑም ያን ገና ያልጠና አንገቱን ወደዚያው አዙሯል።

«ወደ እናቱ» አለች።

አዛዡ አገጩን ለማቃናት እጃቸውን ዘርግተው ነበር፤ መለሱት።

በሉ፣ ወሬዬ አለቀ። ስትነሡ አጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው ፊቱን አይታችሁ ተነሡ።